ምስሉ በማን ደጅ ይቆማል?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። በሲሲልያ ደሴት፥ በካታንያ ከተማ፥ በፈረንጆች ፌብሩዋሪ ከ3 እስከ 5 ቀን የሚከበረው የቅድስት አጋታ በዓል ይህንኑ ያስተምራል። የከተማይቱ ጠባቂ አጋታ በ251 ዓ.ም. ስለ ሃይማኖቷ እንደ ሞተች ይተረካል። በበዓሏ ዳቦ ጋጋሪው፥ ሥጋ ሻጩ፥ ዓሣ ሻጩ፥ እያንዳንዱ በየማኅበሩ፥ በወርቅ ቅብ ያጌጠ ታላቅ የሻማ ዐምድ በትከሻው ተሸክሞ ይወጣል። ምእመናኑም ነጭ ቀሚስ ለብሰው የብሩን ሠረገላ በሁለት ረዣዥም ገመዶች ይስባሉ። ሁሉ ነጭ ከለበሰ ወዲያ ጌታውን ከሎሌው ማን ይለየዋል? የበዓሉ ክብር ይኸው ነው።

ስለዚህ «የገንዘብ ጥፋት ነውና ይቅር» የሚሉትን እቃወማለሁ። ዓመቱን ሙሉ በገበያ ሲሻሙ የከረሙትን ሰዎች ባንድ ገመድ የሚያሰልፍ ሌላ ምን አላቸው?

ይልቁንም የምቃወመው «የአባቶች ልማድ ነውና አይነካ» የሚሉትን ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን፥ በካላብርያ፥ በኦፒዶ ማመርቲና የእመቤታችንን ምስል የተሸከሙ ሰዎች፥ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት በቤቱ ታስሮ በሚኖር የወንበዴዎች አለቃ ደጅ ምስሉን አቆሙ። ከ11 ቀን በፊት ፖፕ ፍራንቸስኮስ በዚያው በካላብርያ እንዲህ ያሉ ወንበዴዎች የተወገዙ መሆናቸውን ተናግረው ነበር። ሰልፉን ያጅብ የነበረው የፖሊስ ሹም ግን ጥሎ ሄደ። ነገሩ ሲነቀፍም «በዚያ መንገድ መቆም የቆየ ልማድ ነው» የሚል መልስ ተሰጠ።

ልማድ ሲቆይ ይከበራል እንጂ ስለ ቆየ ብቻ አይጸድቅም። የሁሉ የሆነውን ክብር ለአንድ ኃይለኛ ማበርከት ስርቆት ነው፤ የተሰረቀውም ከድኾች ነው። የአገሩ ጳጳስ በሀገረ ስብከታቸው የምስል ሰልፍን ሁሉ ባገዱ ጊዜ «ስለ ጥቂቶች በደል ንጹሓን ለምን ይቀጣሉ?» የሚል ይኖራል። እኔ ግን ደግ አደረጉ እላለሁ። ለጊዜው የቀረ በዓል ሊመለስ ይችላል፤ ለወንበዴ የተንበረከከ በዓል ግን በምን ፊቱ ስለ ሰማዕት ይናገራል?

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ምስል በራሱ እግር አይሄድም፤ በራሱም አይቆምም። የሚያቆመው የተሸካሚው ትከሻ ነው። እንግዲህ በየትኛውም በዓል ለባለ ኃይል ደጅ «ቁሙ» ብትባል፥ ያ ትከሻ ያንተ መሆኑን አስብና ፈቀቅ በል።