«ፖርት የለም»

አባቴ ፍኖተ ሰላም ላይ አዲሱን ቤት ሲሠራ ከኔ የጠየቀው ገንዘብ ነበር፤ እኔ የጠየቅኩት ግን ቱቦ ነው። ግድግዳው ሳይለሰን፣ በውጭ በኩል ከጣሪያው ሥር ተነስቶ ሳሎን ድረስ የሚገባ ባዶ ቱቦ ይቀበርልኝ አልኩ። «ምን ሊገባበት?» አለኝ። «ፋይበር።» ኤሌክትሪሺያኑ ሳቅ አለ፤ ቢሆንም ቀበረው፣ ኋላ ኬብሉን የምንስብበት ሲባጎም አሳለፈበት። ቤቱ አልቆ ከተገባበት ቆይቷል። ቱቦው ውስጥ ያለው ዛሬም ሲባጎው ብቻ ነው።

መስመር ለማስገባት የሄድኩት የቤቱን ካርታ ኮፒ፣ የአባቴን መታወቂያና ሁለት ጉርድ ፎቶ ይዤ ነው። (ፎቶውን ማንም አልጠየቀኝም፤ ሀገሬን ስለማውቃት ነው የያዝኩት።) መልሱ አጭር ነበር፦ «ፖርት የለም።» መቼ ይኖራል? አይታወቅም። ወረፋ ይያዛል? «ስልክህን አስመዝግብ፣ ሲኖር እንደውላለን።» ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ልጅ ፊቴን አይታ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ «ወንድሜ፣ እስከዚያው ፎር ጂ ተጠቀም፤ ለቤት ይበቃል» አለችኝ።

ቢሮውን አልጠራም፤ ልጅቷ ላይም ቂም የለኝም። የተነገራትን ነው የነገረችኝ። ጠቤ «ይበቃል» ከሚለው ቃል ጋር ነው። ለክፍለ ሀገር ሰው ሞባይል ይበቃዋል የሚለውን ነገር ስብሰባ ላይ ሰምቼዋለሁ፣ ዜና ላይ ሰምቼዋለሁ፣ አዲስ አበባ ቤቱ ፋይበር ካስገባ የሥራ ባልደረባዬም ሰምቼዋለሁ። የኔታወርክ ሽፋን ፐርሰንት ሲነገረን ሁላችንም እናጨበጭባለን። ስልኩ ላይ «4ጂ» የሚል ምልክት የታየለት ሰው ሁሉ ኢንተርኔት አለው ተብሎ ይቆጠራል።

እስኪ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንየው። የሞባይል ማማ ማለት የጋራ ቧንቧ ነው። በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ከአንድ ቧንቧ ይቀዳል፤ ለዚህ ነው ቅዳሜ በገበያ ቀን፣ ወይም ማታ ሁሉም ቤቱ ሲገባ፣ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ገጹ አልከፍት የሚለው። ፋይበር ግን ሌላ ነገር ነው። ለቤት በሚዘረጋው ዘዴ ከማዕከሉ የምትወጣ አንዲት የፀጉር ያህል የቀጠነች መስታወት፣ መንገድ ላይ መብራት በማይፈልግ ማከፋፈያ ተከፍላ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ትደርሳለች። በተለመደው የጂፖን ደረጃ ወደ ተጠቃሚው የምታወርደው በሰከንድ 2.5 ጊጋቢት ነው፤ ለ64 ቤት ቢካፈል እንኳ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢጠቀሙ፣ ለእያንዳንዱ ወደ 40 ሜጋቢት ገደማ ይደርሰዋል። እስከ 20 ኪሎ ሜትርም ትሄዳለች። ፍኖተ ሰላም ከዳር እስከ ዳር 20 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ቡሬም እንደዚያው።

«መስመሩን ከየት አምጥተው?» የሚል ይኖራል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በእንጅባራ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው አውራ ጎዳና ዝም ብሎ የአይሱዙ መንገድ አይደለም። ዋናው የመገናኛ መስመርም በዚሁ አቅጣጫ ነው ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚወጣው። ባንክ ቅርንጫፍ ሲከፍት መስመር ይሳብለታል። ቡሬ ላይ የዘይት ፋብሪካና የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ ሲቆም መገናኛው አብሮ ይታሰባል። ማለትም የጠፋው መስመር አይደለም፤ ከአስፋልቱ እስከ ሰው ቤት ያለችው የመጨረሻዋ ጥቂት መቶ ሜትር ናት። እሷ የምትጠፋው ደግሞ «ይበቃል» ስለተባለ ነው።

ደጋ ዳሞትን ወይም ቋሪትን አንስቶ የሚሞግተኝ ሰው ልክ ነው። ተራራ ላይ ተበታትኖ ለሚኖር ገበሬ ለየቤቱ መስታወት መዘርጋት አያዋጣም፤ እዚያ ማማ ይቁም፣ የቆመውም መብራት ሲጠፋ አብሮ አይጥፋ። የኔ ጥያቄ ቤት ከቤት አጥሩ ለተያያዘ ከተማ ነው። አያዋጣም የሚለው ለጀማ ጤፍ ገበሬ የተሰጠ መልስ ለከተማውም ሰው እየተገለበጠ ይሰጠዋል።

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልምጣ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚያው ሰሞን የሞባይል ዳታ ጠፋ። ነሐሴ 7 ቀን ፍኖተ ሰላም መሃል ከተማ ላይ በደረሰ ጥቃት ቢያንስ 26 ሰው መሞቱን አንድ የሆስፒታል ኃላፊ ለውጭ መገናኛ ብዙኃን ተናገሩ። እኔ ያኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። ዜናውን ያነበብኩት በእንግሊዝኛ ነው፤ የሰፈሬን ወሬ ከሎንደንና ከናይሮቢ ዞሮ ሲመጣ። እናቴ ስልክ እስክታነሳ ስንት ጊዜ እንደደወልኩ አልቆጠርኩም።

ዳታው በአንዳንድ ከተሞች መመለስ የጀመረው ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን ባሕር ዳርን በመሰሉ ከተሞች ቋሚ መስመር የነበራቸው አንዳንድ ሆቴሎችና ቢሮዎች ዋይፋያቸው ይሠራ ነበር። እኔም ወደ ቤተሰቤ ከተመለስኩ በኋላ መንገድ በተከፈተ ቀን ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዤ ሆቴል በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ፣ በአንድ ማኪያቶ ግማሽ ቀን፣ ኮድ የላክሁበት ጊዜ አለ። አስተናጋጁ በኋላ ለምዶኝ ሶኬት ያለበትን ጠረጴዛ ይይዝልኝ ጀመር። መንገድ በተዘጋ ቀን ግን ኮዱም አልተላከ፣ ደንበኛውም አልጠበቀ። የውጭ ደንበኛ «በሀገሬ ችግር አለ» ሲባል አንድ ጊዜ ያዝናል፣ ሁለተኛ ጊዜ ሌላ ሰው ይቀጥራል። አልፈርድበትም።

እዚህ ላይ ራሴንም ልሞግት። ፋይበር ከመዘጋት ያድናል እያልኩ አይደለም። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. በኋላ ትግራይ ውስጥ ስልኩም፣ ባንኩም፣ መብራቱም አብሮ ጠፍቷል፤ ያኔ ምን ዓይነት ኬብል እንዳለህ የሚጠይቅህ የለም። መዝጋት የፖለቲካ ውሳኔ ነው፣ መፍትሔውም የፖለቲካ ነው። ሆኖም የአንድ ሙሉ ዞን ሕዝብ መገናኛው ሞባይል ዳታ ብቻ ሲሆን፣ ያንን ውሳኔ መወሰን በጣም ቀላል ይሆናል። ሆስፒታሉ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ፋርማሲው፣ የኔ ቤት፣ ሁላችንም በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ ላይ ተሰቅለናል። እኔን ለማጥፋት ሌላውንም ማጥፋት ግድ ይሆናል፤ ሌላውን ለማጥፋትም እኔን። ቋሚ መስመር ያለው ከተማ ቢያንስ ሁለተኛ በር አለው።

ደግሞ መንግሥት ራሱ «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ብሎ ስትራቴጂ ያወጣው በ2012 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ሆነ፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ለብዙ ተማሪ በኮምፒውተር ሆነ፣ መታወቂያው ፋይዳ ሆነ። ጥሩ ነው፤ የኔም እንጀራ ይኸው ነው። ግን ግዴታውን በኢንተርኔት አድርጎ መብቱን በ«ፖርት የለም» መመለስ ምን ይባላል? የቡሬ በርበሬ ነጋዴ ዋጋ ለማጣራት ዳታ ይለመናል፣ ግብሩን ለመክፈል ግን ሲስተም አለ ይባላል።

ስለ ስልኩም አንድ ነገር ልበል፤ ማንም አይናገረውም። ልጅ ሆኜ የማውቀው 058 ብሎ የሚጀምረው የቤት ስልክ፣ ያ በዳንቴል ተሸፍኖ የሚቀመጠው፣ መብራት ቢጠፋም ይሠራ ነበር። ኃይሉን የሚያገኘው ከራሱ ከማዕከሉ በመዳብ ሽቦው ስለሆነ ነው። ፋይበር ግን ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አያመጣም። ስለዚህ በፋይበር የሚገባ የቤት ስልክ፣ ቤቱ መብራት በጠፋ ቁጥር አብሮ ይጠፋል። እኛ ጋ ደግሞ መብራት እንዴት እንደሆነ ይታወቃል። ፋይበር የሚያስገባ ሰው አብሮ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ እንዲገዛ ይነገረው፤ የሚበዛው የቤት መሣሪያ በ12 ቮልት ነው የሚሠራው፣ ጥቂት ሰዓት ያቆይለታል። ይህን ለመንገር ስትራቴጂ አያስፈልግም፣ ከውሉ ጋር አንድ ወረቀት ይበቃል። ይኼ «ይበቃል» ያስማማኛል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ኮብልስቶን ሲነጠፍ ነዋሪው ያዋጣል፣ ጉልበቱንም ይሰጣል። ድንጋዩ በተነጠፈ በዓመቱ ውኃ መጥቶ ይቆፍራል፣ ቀጥሎ ሌላው ይቆፍራል፣ ድንጋዩም ዳግመኛ እንደነበረ አይመለስም። ማዘጋጃ ቤቱ ከመንጠፉ በፊት ጠርዙን ይዞ አንድ ባዶ ቱቦ ያስቀብር። ቱቦ ርካሽ ነው፤ ውዱ ቁፋሮው ነው። ቱቦው የከተማው ይሁን፣ የፈለገ አገልግሎት ሰጪ ተከራይቶ ኬብሉን ይሳብበት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ገበያውን ለውድድር ከፍቷል፤ ሁለተኛ ኦፕሬተርም ገብቷል። እኔ ደጃፍ ላይ ግን የሚወዳደር ሰው አላየሁም፤ ሁለቱም ማማ ይዘው ነው የመጡት።

ሁለተኛው ከዚህም ይቀላል። «ፖርት የለም» የሚለው መልስ በቁጥር ይሁን። በየሰፈሩ ስንት ፖርት አለ፣ ስንቱ ተይዟል፣ ከተያዘው ስንቱ እየሠራ ነው፣ ወረፋው ላይ ስንተኛ ነኝ? ፕሮግራመር ነኝና በድፍረት ልናገር፦ መዝገቡ ካለ ይህን ገጽ መሥራት የአንድ ሳምንት ሥራ አይሞላም። በነፃ እሠራዋለሁ። መዝገቡ ከሌለ ደግሞ «የለም» የተባልኩት በምን ተቆጥሮ ነው?

ባለፈው ሰሞን አባቴ ሳሎኑን ቀለም ሊያስቀባ ነበር። ቀለም ቀቢው የቱቦውን አፍ አይቶ «ይኼን ልድፈነው?» ብሎ ጠየቀ። አባቴ ወደኔ ደወለ። ተወው አልኩት።