ቡት ተቀደደ ብለው አክስል የሚያስገዟችሁ

ከፍ የተደረገ ፒክአፕ ያላችሁ ሰዎች ይህ ለእናንተ ነው። የሌላችሁም አንብቡት፤ የመንግሥት ፒክአፕ ጥገና የሚከፈለው ከእናንተ ግብር ነው።

ነገሩ ትንሽ ነው። ከፊት ዲፈረንሻል ወደ ጎማው ኃይል የሚያደርሰው አክስል በሁለቱም ጫፍ ሲቪ ጆይንት አለው። ጆይንቱን የሚሸፍነው፣ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈው ጥቁር ላስቲክ ሲቪ ቡት ይባላል። ሥራው ግራሶውን ውስጥ መያዝ፣ አቧራና ውሃን ውጭ ማስቀረት ነው። ቡቱ ሲቀደድ ጆይንቱ በዚያው ቀን አይሞትም። መጀመሪያ ግራሶው ይረጫል፤ ቀጥሎ አቧራ ይገባል፤ አቧራው ከቀረው ግራሶ ጋር ተደባልቆ ብርጭቆ ወረቀት ይሆንና ውስጥ ያሉትን ኳሶች መፋቅ ይጀምራል። ቡቱ በተቀደደበትና ጆይንቱ በሚሞትበት ቀን መካከል ያለችው ጊዜ ገንዘባችሁ ናት። እሷን ነው የሚበሉባችሁ።

እንዴት? ጋራዥ ስትገቡ መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል፦ «ሲቪው አልቋል፣ ሙሉውን ቀይሩት።» ጆይንቱ ሳይፈታ፣ ግራሶው በጣት ሳይታሽ የተሰጠ ፍርድ ነው። ባለፈው ዓመት ለዘገባ ወደ አፋር ስንሄድ የተከራየነው ፒክአፕ የፊት ቸርኬው በውስጥ በኩል ዙሪያውን በግራሶ ተለቅልቆ አገኘነው። መንገድ ላይ የገባንበት ጋራዥ ወዲያው ሙሉ አክስል አዘዘብን። ሾፌራችን በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ «አንተ ልጅ፣ እስቲ መጀመሪያ ፍታው» አሉት። ተፈታ። ግራሶው ጣት ላይ አሸዋ አልነበረውም፤ መሪው እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ ሲነዳም ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ አልነበረም። ታጠበ፣ አዲስ ግራሶና አዲስ ቡት ገባለት፣ መንገዳችንን ቀጠልን።

«ሙሉውን ቀይር» የሚለው ምክር ከየት መጣ? ግማሹ ከዩቲዩብ ነው። አሜሪካ ውስጥ ምክሩ ስሌት አለው፤ የመካኒክ ሰዓት ውድ ነው፣ ታድሶ የሚሸጥ አክስል ግን በየሱቁ አለ። እዚያ ሰው ቡት ለመቀየር ግማሽ ቀን ከሚከፍል አክስሉን ቢለውጥ ያዋጣዋል። እኛ ጋ ሒሳቡ የተገለበጠ ነው። የእጅ ዋጋ ርካሽ፣ ዕቃው በዶላር የመጣ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ሶማሌ ተራ ዕቃ ጠይቆ ያልደነገጠ ካለ ንገሩኝ። ደግሞ በርካሽ ከምታገኙት ስሙ ከማይታወቅ አዲስ አክስል ይልቅ፣ ቡቱ በጊዜ የተቀየረለት የፋብሪካው አክስል ይሻላል ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ቁመቱ እንምጣ። ፒክአፕ ከፍ ማድረግ ፋሽን ሆኗል። የገጠር መንገድ የሚያስገድደው ሰው አለ፣ አልክድም። ብዙው ግን ቦሌ ላይ ለመታየት ነው። ቶርሽን ባር ያላትን ቦሎኗን ያጠብቁላችኋል፤ ሞላ ያላትን ከላይ ስፔሰር ይጨምሩላታል፤ መኪናዋ ትነሳለች፣ ተጨብጭቦ ይከፈላል። ዲፈረንሻሉ ከሻንሲው ጋር ወደ ላይ ሄዷል፣ ጎማው መሬት ላይ ነው። ስለዚህ አክስሉ ቁልቁል ያዘነብላል። የቡቱ እጥፋቶች በአንድ ወገን ይጨፈለቃሉ፣ በሌላው ይወጠራሉ፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ይህ በደቂቃ 400 ጊዜ አካባቢ ይደገማል። የትኛው ላስቲክ ይችለዋል? ላንድክሩዘር 79 ያላችሁ አትሳቁ፤ የእናንተ የፊት አክስል ድፍን ስለሆነና ጆይንቱ የብረት ኳስ ውስጥ ስለተቀመጠ ነው ከዚህ ጣጣ ያመለጣችሁት።

እዚህ ላይ ነው የምናደደው። ከፍ ያደረገው ጋራዥ ስለ አክስሉ ማዘንበል አንድ ቃል አይተነፍስም። ቡቱ ሲቀደድ ይቀይራል፤ እንደገና ሲቀደድ «ዕቃው ፎርጅድ ነበር» ይላል። ዲፈረንሻሉን በስፔሰር ትንሽ ዝቅ ማድረግ ወይም የጨመሩትን ቁመት መቀነስ ይቻላል። ግን ደንበኛ ያሳጣል። ፋሼታ በሌለበት በሽቦና በከመነዳሪ ቁራጭ የታሰረ ቡትም አይቻለሁ፤ እሱን ጥገና ማለት ይከብዳል።

የመሥሪያ ቤቶቹ ደግሞ ይብሳል። ሾፌሩ ቡቱ መቀደዱን ጽፎ ያመለክታል። ደብዳቤው ንብረት ክፍል ይገባል፣ ሦስት ፕሮፎርማ ይፈለጋል፣ ፊርማ ይጠበቃል፣ መኪናዋ ግን መስክ መውጣቷን አታቆምም። ፕሮፎርማው ተሟልቶ ሲመጣ ጆይንቱ መጮህ ጀምሯል፤ ስለዚህ ግዥው ከላስቲክ ወደ ሙሉ አክስል ያድጋል። ወረቀቱ ንጹሕ ነው፣ ኦዲተርም አይይዘውም፤ የሕዝብ ገንዘብ ግን ሄዷል። ለእንዲህ ዓይነቷ ቁራጭ ዕቃ ሾፌሩ በዕለቱ ከትንሽ ወጪ ገዝቶ እንዲያስገባ መፍቀድ ምን ያህል ይከብዳል?

ከእንግዲህ ፒክአፓችሁን ከፍ የሚያደርግ ሰው «አክስሉስ?» ተብሎ ይጠየቅ፣ መልሱም በጽሑፍ ይስጥ። «ሲቪው አልቋል» የሚል መካኒክ ፊታችሁ ይፍታው፣ ግራሶውን ጣታችሁ ላይ ያድርግላችሁ። አሮጌውንም አክስል ተቀብላችሁ ወደ ቤት ውሰዱት፤ ጆይንቱ ደህና የሆነ «ያለቀ» አክስል ታጥቦ፣ ቡት ለብሶ ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል። በእጅ የሚቆለፍ ሃብ ያላችሁ ደግሞ አስፋልት ስትገቡ ፍቱት፤ አክስሉ መዞር ያቆማል፣ ቡቱም ያርፋል። እሱ እንኳ በነፃ ነው።