የካናዳ ጠቅላይ ግዛቶች ስለሚያጩአቸው ባለሙያዎች

የካናዳ ጠቅላይ ግዛቶች የሚያስፈልጓቸውን ባለሙያዎች ከውጭ አገር መርጠው ለማዕከላዊው መንግሥት የሚያቀርቡበት ደንብ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1998 ዓ.ም. በማኒቶባ ተጀመረ። ኬቤክ ግን በ1991 በተዋዋለችው ልዩ ስምምነት ስለምትሠራ በዚህ ደንብ አትገባም።

ዕጩው ትምህርቱን፤ የሥራ ልምዱን፤ የእንግሊዝኛ ወይም የፈረንሳይኛ ቋንቋ ችሎታውን በማስረጃ ያቀርባል፤ ብዙ ጊዜም የቀጣሪ ደብዳቤ ይጠየቃል። ይህ ሁሉ ተመርምሮ የሚታወቅ ነው። አስቸጋሪው፤ በዚያው ግዛት ለመኖር ያለውን አሳብ መመዘን ነው። አሳቡ ከግዴታዎቹ አንዱ ሲሆን፤ በ1982 የጸናው የመብትና የነፃነት ቻርተር ደግሞ ቋሚ ነዋሪ የሆነው ሰው በወደደው ግዛት እንዲኖርና እንዲሠራ ይፈቅድለታል። እንግዲህ በማኒቶባ የታጨች ነርስ ቋሚ ነዋሪ ከሆነች በኋላ አሳቧን ለውጣ ቶሮንቶ ብትገባ፤ ማኒቶባ ልትመልሳት አትችልም።

ስለዚህ ማኒቶባ ከባሕር ማዶ የሚያመለክተውን ባለሙያ በግዛቲቱ ዘመድ ወይም ወዳጅ እንዳለው፤ ወይም ቀድሞ በዚያ ተምሮ ወይም ሠርቶ እንደ ሆነ ትጠይቃለች። ጥያቄው የብልህ ነው፤ ነገር ግን ሙያ ኖሮት ዘመድ የሌለውን ሰው ከደጅ ያስቀራል። በማዕከላዊው መንግሥት ዕቅድ የዚህ ደንብ ቍጥር በ2024 ከነበረው 110,000 በ2025 ወደ 55,000 በወረደ ጊዜ፤ ይህን በመሰለው አመልካች ላይ በሩ ይልቁን ጠበበበት።