በበርሜሉ ውኃ ውስጥ የሚዋኘው ማን ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ጎሮ ያለችው ልጄ ቤት ሄጄ ነበር። ሰፈራቸው ውኃ በፈረቃ ስለሆነ ጓሮ ባለው በርሜል የዝናብ ውኃ ያጠራቅማሉ። የሰባተኛ ክፍል ተማሪዋ የልጅ ልጄ ከዚያ በርሜል የቀዳችውን ውኃ ትምህርት ቤት በማይክሮስኮፕ አይታው ኖሯል። መምህሯ በስልክ ቀርጾ የላከውን አሳየችኝ። የጫማ ሶል የመሰለ ነገር እየተሽከረከረ ይዋኛል።

“አያቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?”

እኔ ሳልመልስ እናቷ፣ “አሜባ ነዋ! ትንሹ ልጅ ትናንት ያስቀመጠው ለዚህ ነው” ብላ ካለፈው የተረፈ ሜትሮኒዳዞል ከመሳቢያ አወጣች። ክኒኑን ከእጇ ተቀበልኳት።

በቪዲዮው ያየነው ፓራሜሲየም ይባላል። እንደ ቅንድብ ባሉ ጥቃቅን ፀጉሮች እየቀዘፈ ይዋኛል። አሜባ ግን ቅርጹን እየለዋወጠ ቀስ ብሎ ይሳባል እንጂ እንዲህ አይፈጥንም። ፓራሜሲየም ሰውን አያሳምምም። ነገር ግን ምግቡ ባክቴሪያ ስለሆነ፣ እሱ ያለበት ውኃ ሳይፈላ አይጠጣም።

እነዚህን ፍጥረታት በማየት ቀዳሚው ሆላንዳዊው የጨርቅ ነጋዴ ሊቨንሁክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1674 የሐይቅ ውኃ፣ በ1681 ደግሞ ተቅማጥ ይዞት የራሱን ሰገራ መረመረ። ከሰባት ዓመት በኋላ በሰገራው ያየው ዛሬ ጃርዲያ የምንለው ሳይሆን አይቀርም። በውኃ ያየው ሌላ፣ በሆድ ያገኘው ሌላ ነበር።

አሜባም ቢሆን አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። አንጀት አቁስሎ ደም የሚያስቀምጠው አንዱ፣ ምንም ጉዳት የሌለው ሌላው፣ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ መንትያ ናቸው። ደም ሴል ውጦ ከታየ ግን ጎጂው እሱ ነው። ባለሙያው ይህን እንዲያይ ደግሞ ናሙናው ትኩስ መሆን አለበት።

ይህንን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። በሠራሁበት አንድ ጤና ጣቢያ፣ ደም ያስቀመጠው የአንድ ሕፃን ናሙና መስኮት ላይ ረስቼው ሁለት ሰዓት ያህል ቆየ። ውጤቱ “ምንም አልታየም” ሆነ፤ ልጁም ወደ ቤቱ ተመለሰ። በማግስቱ እናቱ አዝላው መጣች፤ ዓይኑ ጎድጉዷል። ትኩሱ ናሙና ሲታይ አሜባው ይንቀሳቀስ ነበር። ልጁ ዳነ፤ እኔ ግን ያቺን እናት እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ስለዚህ ወላጆችና አያቶች፣ የልጅ ሰገራ ለምርመራ ስትወስዱ ንጹሕና ደረቅ ዕቃ ተጠቀሙ። ቀጭን ከሆነ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ይድረስ። ከመሬት አትዝገኑት፤ ውኃም ሆነ ሽንት አይቀላቀልበት። የበርሜሉ ዋናተኛ ናሙናው ውስጥ ከገባ ባለሙያውን ያሳስታል። ጥገኛ ተሕዋስያን በየቀኑ ስለማይወጡ “ድገሙ” ስትባሉም አትሰልቹ።

የሕፃናትን ውኃማ ተቅማጥ ብዙውን ጊዜ የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ ሜትሮኒዳዞል እሱን አይነካውም። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ኦአርኤስ ነው። ደም ካለው፣ ልጁ ከደከመ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም መጠጣት ካቃተው ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

የመጠጥ ውኃ ስታፈሉ፣ ከተማችን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። የአሜባና የጃርዲያ ዕንቁላል መሰል ቅርፊት ክሎሪንን ይቋቋማል፤ ፍላትን ግን አይችልም።

የጎሮው ሕፃን በኦአርኤስ ተሻለው። በርሜሉም ታጥቦ ክዳን አገኘ። የልጅ ልጄ ግን ከመታጠቡ በፊት አንድ ብልቃጥ ውኃ ደብቃ አስቀርታለች፤ “ሌላም ነገር አይቼበታለሁ” ትላለች።