ወጣቱ ትውልድና የዜና ምንጭ ጥያቄ

ዜና ያለ ባለቤት አይወለድም። አንድ ወሬ ተጽፎ፣ ተቀናብሮና ተሠራጭቶ አንባቢው ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ገንዘብና ጉልበት የሚፈስበት በመሆኑ፣ ወጪውን የሸፈነው ወገን ማን እንደ ሆነና ምን እንደሚሻ መጠየቅ የንባብ ሀሁ ሊሆን በተገባ ነበር። ይሁን እንጂ የዜና ኢንዱስትሪ እጅግ በተስፋፋባት በአሜሪካ እንኳ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይህን ጥያቄ ለማንሣት ያልሠለጠኑ መሆናቸው በተደጋጋሚ ታይቷል።

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ያደረጉት ጥናት 3,446 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ያካተተ ነበር። ለተማሪዎቹ ኮሮጆ ውስጥ የምርጫ ወረቀት ሲታጨቅ የሚያሳይ ፊልም ቀረበላቸው፤ ድርጊቱ የተፈጸመው በአሜሪካ የዴሞክራቲክ ፓርቲ የ2016 የዕጩዎች ምርጫ ላይ ነው የሚል ወሬም ታክሎበታል። ኢንተርኔት እንዲፈትሹ ተፈቅዶላቸው ሳለ 52 በመቶው ፊልሙ ለምርጫ መጭበርበር ጠንካራ ማስረጃ ነው አሉ። ፊልሙ ግን የተነሣው በሩሲያ ነበር። ከ3,000 በላይ ከሆኑት መልሶች ውስጥ ትክክለኛው ምንጭ የተገኘው በሦስቱ ብቻ ነው።

ከዚህም ይልቅ ትኩረት የሚገባው ሌላ ምሳሌ አለ። የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ የወሰነው ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ ከ2009 ወዲህ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ላይ ቆሟል። ወለሉ ከፍ ይበል አይበል በሚለው ክርክር ውስጥ «ሚኒመም ዌጅ ዶት ኮም» የተባለ ድረ ገጽ፣ ጭማሪው ሠራተኛውን ራሱን ከሥራ ያፈናቅላል የሚለውን አቋም በጥናት መልክ ሲያቀርብ ቆይቷል። ከገጹ ጀርባ ያለው «ኢምፕሎይመንት ፖሊሲስ ኢንስቲቲዩት» ነው፤ ስሙ የምርምር ማዕከል ያስመስለዋል። ከዚህ ስም ጀርባ ደግሞ የምግብ ቤት ከበርቴዎችን ጨምሮ ለኢንዱስትሪ ባለቤቶች በክፍያ የሚሟገት፣ መቀመጫው ዋሽንግተን የሆነ የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት ይገኛል። የስታንፎርዱ ቡድን በ2016 ባቀረበው ሪፖርት መሠረት፣ በላቀ ደረጃ ታሪክ ከሚማሩት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መካከል ይህን የደረሱበት 9 በመቶዎቹ ብቻ ናቸው።

የነገሩ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ ማታ ማታ በአንድ ሀምበርገር ቤት ድንች የሚጠብስ ተማሪ ስለ ገዛ ደመወዙ የሚያነበው ጽሑፍ በአሠሪዎቹ ወገን ወጪ የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል። ክርክሩ ራሱ ትክክል ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፤ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንትም ዛሬ ድረስ አልተስማሙበትም። አሠሪው የምሁር ካባ ደርቦ ሲናገር ግን ሠራተኛው ከማን ጋር እንደሚከራከር እንኳ አያውቅም።

ጉድለቱ የተማሪዎቹ ስንፍና አይደለም። ለዓመታት የተማሩት የገጹን መልክ መመርመርን ነበር፤ ስለ ራሱ ምን ይላል፣ ማስታወቂያ ይበዛበታል ወይ፣ አድራሻው በ«ዶት ኦርግ» ያልቃል ወይ የሚሉትን። እነዚህ ሁሉ በጥቂት ገንዘብ የሚሸመቱ ጌጦች ናቸው። ዌይንበርግና ማግሩ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2017 አሥር የታሪክ ሊቃውንትን፣ አሥር የመረጃ አጣሪ ባለሙያዎችንና 25 የስታንፎርድ ተማሪዎችን ባወዳደሩበት ጥናት፣ ሊቃውንቱ ሳይቀሩ ባማረ መልክ ሲታለሉ ታይተዋል። አጣሪዎቹ ግን ጽሑፉን ከማንበባቸው በፊት ገጹን ትተው ይወጡና ሌሎች ስለ ድርጅቱ የጻፉትን ይፈልጉ ነበር። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የሚለው የአባቶች አነጋገር በአሠራር ሲተረጐም ይኸው ነው። ዘዴውም ረጅም ዓመታት አይጠይቅም፤ በአንድ ከተማ የትምህርት ወረዳ 499 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተሳተፉበትና በ2022 የታተመ ጥናት፣ እያንዳንዳቸው 50 ደቂቃ የሆኑ ስድስት ክፍለ ጊዜያት ጉልህ ለውጥ እንዳመጡ አረጋግጧል።

ይሁንና ጥርጣሬን ማስተማርና ማመዛዘንን ማስተማር አንድ አይደሉም። «ሁሉም ይዋሻል» ብሎ የተነሣ ወጣት ነቅቷል አይባልም፤ እውነተኛውን ዘገባ ከሐሰተኛው ጋር አብሮ ጥሎታልና። ምንም ነገር እንዳይታመን ለሚሹ ወገኖች ከዚህ የበለጠ አገልግሎት የለም። ማን ከፈለ ብሎ መጠየቅ የፍርድ መነሻ እንጂ ፍርዱ አይደለም፤ ከፋዩ ከታወቀ በኋላ ማስረጃው ገና ይመዘናል። ጋዜጣው የግልም ይሁን የመንግሥት፣ ይህ ገጽ ጭምር፣ ከጥያቄው ነፃ አይደለም።

ኢሊኖይ በ2021፣ ኒው ጀርሲና ካሊፎርኒያ በ2023 ይህን መሰሉ ትምህርት በትምህርት ቤቶቻቸው እንዲሰጥ በሕግ ደንግገዋል። እርምጃው የሚደገፍ ቢሆንም ሸክሙ በማን ጫንቃ ላይ እንዳረፈ ሳይታይ ሊታለፍ አይገባም። ሕጎቹ ግዴታ የጣሉት በመምህሩና በተማሪው ላይ እንጂ ከወሬው ሥርጭት የማስታወቂያ ገቢ በሚሰበስቡት ኩባንያዎች ላይ አይደለም። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ ኩባንያማ በአሜሪካ ከውጭ የመረጃ አጣሪ ድርጅቶች ጋር የነበረውን አሠራር እንደሚያቋርጥ በጥር 2025 አስታውቋል፤ ባለሙያዎቹ በደመወዝ ይሠሩት የነበረው የማጣራት ሥራ አሁን ከተማሪው የቤት ሥራ ጋር ተደርቧል።