ሰው ገብቶ የማይናገርበት ቢሮ

ዛሬ ስለ መድኃኒት ሳይሆን ስለ ቢሮ ነው የማወራችሁ። «ዶክተር፣ ቢሮ ከጤና ጋር ምን አገናኘው?» ከማለታችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡትና ፍረዱ።

ሰሞኑን ዛሪማ ያሉ አብሮ አደጎቼ ደወሉልኝ። የበጎ አድራጎት ማኅበር ሊጀምሩ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ተከራይተዋል። «ሶፋና ትልቅ ጠረጴዛ ልንገዛ ነው፤ ቢሮው ለሰው ሞቅ እንዲል ሌላ ምን እናድርግ?» አሉኝ። ሶፋውን ለጊዜው ተዉትና አንድ ነገር ላጫውታችሁ አልኳቸው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ እናት ልጃቸውን ይዘው ወደምሠራበት ድንገተኛ ክፍል መጡ። (ማንነታቸው እንዳይታወቅ ቦታውንና ጊዜውን ትቼዋለሁ።) ልጅቷ ከተደፈረች አምስተኛ ቀኗ ነበር። «እናቴ፣ እስካሁን የት ነበራችሁ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ለካ በማግስቱ አንድ የእርዳታ ቢሮ ሄደው ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ አራት ሠራተኛ ተቀምጧል፣ ወረፋው እስከ በር ድረስ ነው። አንዱ ወጣት ከጠረጴዛው ጀርባ ሆኖ ጮክ ብሎ «እማማ፣ ምን ፈልገው ነው?» አላቸው። ወረፋው ሁሉ ዞሮ አያቸው። እሳቸውም «ሳሙና ይሰጣል ሲባል ሰምቼ ነው» ብለው ወጡ።

ከመደፈር በኋላ ኤች አይ ቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። እኛ ጋ ሲደርሱ ያ ሰዓት አልፏል። ወጣቱ ክፉ ሰው ነው ብዬ አላስብም። የሚዘጋ በር ያለው አንድ ክፍል ቢኖረው ኖሮ ግን ምናልባት ይነግሩት ነበር።

የእኔ አቋም ይሄ ነው፦ የእርዳታ ድርጅት ቢሮ ሲደራጅ መጀመሪያ መታሰብ ያለበት ችግሩን ይዞ በሩን የሚያንኳኳው ሰው ነው። የሥራ አስኪያጁ ወንበር በኋላ ይደርሳል።

«ሰው እየተራበ ስለ ክፍል አደረጃጀት ታወራለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረትም የአንድ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ግን እኔ የምለው አብዛኛው ገንዘብ አይፈልግም። እንዲያውም ሶፋው ነው ውድ! ለጓደኞቼ ያልኳቸውን ለእናንተም ልንገራችሁ።

1. አንዱን ክፍል ለሚስጥር ተዉት። ከሦስቱ ክፍል ትንሿም ትበቃለች። በቺፕውድ ከከፈላችሁት ግድግዳው እስከ ኮርኒሱ ይድረስ፤ አለበለዚያ ድምፅ ከላይ ያልፋል። በሩ ላይ «የተጠቂዎች ክፍል» ብላችሁ እንዳትጽፉ! ማን እንደገባ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። «ክፍል 3» በቂ ነው። ሁሉም ጎብኚ ለአጭር ጊዜም ቢሆን እዚያ ገብቶ ቢስተናገድ ደግሞ ማንም ተለይቶ አይታይም።

2. አየር ይግባ። በየወረፋው የሚያስል ሰው አለ፣ የሳንባ ነቀርሳም ገና አልጠፋም። ፔሩ ውስጥ በሊማ ሆስፒታሎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት፣ በርና መስኮት ሲከፈት የክፍሉ አየር በሰዓት 28 ጊዜ ያህል እንደሚቀየር አሳይቷል። ለንጽጽር የቀረቡት በማሽን አየር የሚቀይሩ ክፍሎች 12 ጊዜ ነበር። ከፍ ያለ ጣሪያና ሰፊ መስኮት ያላቸው አሮጌ ሕንፃዎች ከአዲሶቹ በልጠው ተገኝተዋል። ስለዚህ ትይዩ መስኮት ያለበትን ክፍል ለመጠበቂያ አድርጉት። ከተቻለ ደግሞ ወረፋው በረንዳ ላይ ይሁን።

3. ሙቀቱን እንደ አገሩ አድርጉት። ዛሪማ ቆላ ነው፤ ቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ፣ ደጁ ላይ ጥላ ያስፈልጋል። ሊማሊሞን ወጥታችሁ ደባርቅ ስትደርሱ ግን ብርድ ነው፤ እዚያ ለምትከፍቱ ሰዎች የጠዋት ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል ምረጡ። እባካችሁ ግን በር ዘግታችሁ ከሰል አታንድዱ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ብሎ ይጀምርና ሰው ይገድላል። ቡና ማፍላቱ ደስ ይላል፣ እንግዳንም ያላምዳል፤ ምድጃው ግን ውጭ ይሁን።

4. የሚነሳ የሚታጠፍ ዕቃ ግዙ። እኛ አካባቢ ችግሩ ይለዋወጣል። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ሲደርስ ስንቱ ቤቱን ጥሎ ወደ ደባርቅ እንደወጣ ታስታውሳላችሁ። ዛሬ ስብሰባ የተደረገበት ክፍል ነገ የሕፃናት ክንድ የሚለካበት፣ ከነገ ወዲያ ብርድ ልብስ የሚታደልበት ሊሆን ይችላል። የፕላስቲክ ወንበርና ታጣፊ ጠረጴዛ በአሥር ደቂቃ ይነሳል። ያ ትልቁ ጠረጴዛ ግን አይነቃነቅም፣ እናንተንም ከሰው ይለያችኋል። ወንበራችሁን ከጎኑ አድርጋችሁ አነጋግሩት።

5. ደረጃው ላይ መወጣጫ፣ ጓሮ ላይ መጸዳጃና የእጅ መታጠቢያ ውሃ ይኑር። በክራንች የሚሄድ ስንት ወጣት እንዳለን ታውቃላችሁ።

ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የጤና ኮሌጅ ከጤና መኮንንና ከነርስ ጋር ሳኒታሪያንም ያሠለጥን ነበር። ሰው የሚውልበት ቤት ሊያሳምመውም ሊያድነውም እንደሚችል ያኔም ይታወቅ ነበር።

ቢሮ ለምትከፍቱ ሁሉ አንድ ቀላል ፈተና ልስጣችሁ። አንዳችሁ ሚስጥር ክፍሉ ገብታችሁ በሩን ዝጉና እንደ ወትሮ አውሩ፤ ሌላችሁ ወረፋው ላይ ቁሙ። አንዲት ቃል ከተሰማች ቢሮው ገና አላለቀም።

ጓደኞቼ ሶፋውን ትተውታል። በሶፋው ብር በርና ኮርኒስ እያሠሩ ነው።

ይህን ማወቅ ያለበት ሰው ካለ አካፍሉት።