ክፍቷ መኪና መቼ ትግባ? ከበረዶው የሚቀድመው ጨው ነው

ኢትዮጵያዊ ክረምትን የሚያውቀው በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ነው። ሚኒሶታ ለገባ ሰው ግን ክረምት ማለት ሌላ ነው። በኖቬምበር ገብቶ እስከ ማርች የሚከርም፣ አንዳንድ ዓመት ኤፕሪልንም ጨምሮ የሚወስድ የብርድና የበረዶ ዘመን ነው። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ። ከእነዚህ አንዱ ታክሲ ነድቶ ወይም ሱቅ ከፍቶ ጥሪት ከያዘ በኋላ ጣሪያዋ የሚከፈት ስፖርት መኪና ቢገዛ፣ በዓመት አንድ ጊዜ የማይቀርለት ጥያቄ አለ፤ መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ መጋዘን የምትገባው መቼ ነው?

አብዛኛው ባለመኪና መልሱን ከቀን መቁጠሪያ ይፈልጋል። “ኖቬምበር 1 አስገባታለሁ” ብሎ ይቆርጣል። ቀን ግን ቃል አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ1991 ኦክቶበር 31 መውረድ የጀመረው በረዶ እስከ ኖቬምበር 3 ዘልቆ ሁለቱን ከተሞች 28.4 ኢንች፣ ማለትም 72 ሳንቲ ሜትር ያህል አልብሷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ገና በኦክቶበር 20 ወደ 8 ኢንች ወርዷል። በአንጻሩ ከ2023 ወደ 2024 የተሻገረው ክረምት በሚኒሶታ መዝገብ ከታዩት ሁሉ ሞቃቱ ነበር። በዚያ ዓመት በኦክቶበር ቆልፎ የተቀመጠ ሰው ደረቁን መንገድ በመስኮት እያየ የመጋዘን ኪራይ ከፍሏል።

ሌላው ወገን ደግሞ የመጀመሪያውን በረዶ ይጠብቃል። ይህኛው የባሰ ስህተት ነው። በረዶ ራሱ ለብረት ያን ያህል ክፉ አይደለም፤ ሲቀልጥ ውሃ ነው። ብረት የሚበላው የመንገድ ሠራተኞች በረዶውን ለማቅለጥ የሚበትኑት ጨው ሲሆን፣ ጨው የሚመጣው ከበረዶው በኋላ ብቻ አይደለም። በረዶ እንደሚወርድ ከተተነበየ ባለታንከር መኪናዎች አስቀድመው ወጥተው አስፋልቱ ላይ የጨው ውሃ ይረጫሉ። ሲደርቅ በመንገዱ ርዝመት ነጭ መስመሮች ሆኖ ይታያል። ትንበያው ስቶ በረዶው ቢቀር እንኳ ጨው ከዚያው ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ፀሐዩ ጣሪያ ከፍቶ ለመንዳት የሚጋብዝ ሊሆን ይችላል። ጎማ ያስነሳው የጨው ብናኝ ግን በዚያን ዕለት ከሻንሲው ስፌትና ከፍሬን ቱቦው ላይ ይቀመጣል፤ የመጀመሪያው እርጥበት ሲያገኘውም ሥራውን ይጀምራል። ከላይ ላቫጆ ገብታ ብታብረቀርቅ ከሥር ያለውን አይመልሰውም።

ስለዚህ ትክክለኛው ቀን የበረዶው ቀን ሳይሆን የመጀመሪያው የጨው መኪና ከመውጣቱ በፊት ያለው ቀን ነው። ይህን ቀን ማንም ከወር በፊት ሊያውቀው አይችልም። ሊታወቅ የሚችለው ዝግጅቱ ነው። አስተዋይ ባለንብረት ሁለቱን ይለያል፤ ዝግጅቱን ቀድሞ ይጨርሳል፣ ማስገባቱን ያዘገያል። መጋዘኑን በሴፕቴምበር ይከራያል (በኖቬምበር የሚፈልግ ሰው በተጠየቀው ዋጋ ይገባል)፣ በኦክቶበር አጋማሽ ዘይት ይቀይራል፣ ከዚያ ቁልፉን ኪሱ አድርጎ ትንበያ እየሰማ ደረቁን ቀን ሁሉ ይነዳል። የጥቅምት ፀሐይ ለክፍት መኪና ከጁላይ ሙቀት ይሻላል።

አንድ ሌላ ገደብ አለ፤ እሱም ጎማ ነው። ስፖርት መኪኖች የሚጫሙት የበጋ ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እየደረቀ መያዣ ያጣል። ከዜሮ በታች ወደ 7 ዲግሪ ሲወርድ ደግሞ ሊሰነጠቅ ስለሚችል፣ አንዳንድ አምራቾች በዚያ ብርድ መኪናዋን ማንቀሳቀስ እንኳ አይመክሩም። ጨው ባይበተንም ጠዋት ጠዋት አመዳይ መታየት ሲጀምር የመንዳቱ ሰዓት ወደ ቀትር ማጠር አለበት።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? ነጋዴ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ማዝዳ ኤምኤክስ-5ን፣ አሜሪካኖች ሚያታ የሚሏትን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ቀርባ፣ በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ከፋብሪካ ወጥታለች። አንድ ሚሊዮን የተሠራ ዕቃ ብርቅ አይባልም። ብርቁ ሥሯ ያልዛገው ነው። ሁለት መኪኖች በአንድ ዓመት ተሠርተው፣ አንድ ዓይነት ቀለም ይዘው፣ እኩል ኪሎ ሜትር ሄደው ዋጋቸው የሚራራቀው ገዢው ጎንበስ ብሎ ከሥር ሲያይ ነው። ቀለም ይቀባል፣ ወንበር ይሰፋል፤ የተበላ ሻንሲ ግን የመኪናዋን ዋጋ ያህል ይጠይቃል። “ጥቂት ዓመት አቆይቼ አገር ቤት እልካታለሁ” የሚል ስሌት የነበረውም ቢሆን ያ በር ተዘግቷል። ኢትዮጵያ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። መኪናዋ የምትሸጠው ጨው የሚያውቅ ገዢ ባለበት ገበያ ነው።

ከዚህም ጋር፣ ሊሸጣት ያሰበ ሰው ማስገባት የለበትም የሚለውን ምክር በጥርጣሬ ማየት ይገባል። በመጸው ወራት ክፍት መኪና የሚፈልግ ጥቂት ስለሆነ ገዢው ይበረታል። የስድስት ወር ኪራይ ከዋጋው ልዩነት ካነሰ ማቆየት፣ ከበለጠ ግን በሴፕቴምበር መገላገል ነው። ይህ የወረቀትና የእርሳስ ሥራ እንጂ የፍቅር ጉዳይ አይደለም።

ጀርመኖች ውሳኔውን ለታርጋ ሰጥተውታል። እ.ኤ.አ. ከ1997 ወዲህ ባለመኪናው ከ2 እስከ 11 ወር መርጦ ወራቱ የተጻፈበት ታርጋ ያወጣል፤ ግብርና ኢንሹራንስም ለእነዚያ ወራት ብቻ ይከፍላል። “ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር” ብሎ የለጠፈ ሰው በኖቬምበር 1 መንዳት ቀርቶ በመንገድ ዳር ማቆምም አይችልም። ፍራንክፈርት ላለ ሰው ቁጠባው ደግ ነው፤ ደረቁን የኖቬምበር ሳምንት ግን አስቀድሞ ሸጦታል። አሜሪካ ያለውም የግጭቱን ኢንሹራንስ ለክረምቱ ማንሳት ይችል ይሆናል፤ የእሳቱንና የስርቆቱን ግን ማንሳት ሞኝነት ነው። ብድር ካለባት ደግሞ ባንኩ አብዛኛውን ጊዜ አይፈቅድም።

ስትገባ ከሥር ታጥባ፣ ደርቃ፣ ታንኳ ሞልቶ፣ ጣሪያዋ ተዘግቶ መሆን አለበት። የታጠፈ ጣሪያ ይሸበሸባል፣ ይሻግታል። ባትሪው ካልተነቀለ ቻርጀር ይፈልጋል፤ ባዶ ባትሪ በብርድ ይፈነዳል። የአይጥ ነገርም አይረሳ፤ ሽቦ ትወዳለች።

መውጫዋም እንደ መግቢያዋ ነው። በረዶው ሲቀልጥና ፀሐይ ስትወጣ ልብ ይቸኩላል። እ.ኤ.አ. በ2018 ኤፕሪል አጋማሽ ላይ በሦስት ቀን ወደ 16 ኢንች የሚጠጋ በረዶ ሚኒያፖሊስ ላይ ወርዶ፣ የጨው መኪኖቹ እንደገና ወጥተዋል። በረዶ ባይመለስም የክረምቱ ጨው መንገድ ዳር ዱቄት ሆኖ ይቆያል። እሱን የሚያነሳው ፀሐይ ሳይሆን ሁለትና ሦስት ጊዜ ደህና አድርጎ የሚዘንብ ዝናብ ነው፤ የመጋዘኑ በር መከፈት ያለበትም ከዚያ ዝናብ በኋላ ነው።